ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት ማንን ይጠቅማል?

አምፕሊፋየር ሊገዛ የወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ያነብለታል፤ 3000፣ 5000፣ አንዳንዴም 10000። ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ የሚገኝ ከፍተኛ ኃይል) የሚል ምልክት አለ። ገዢው ትልቁን ቁጥር መርጦ ይሄዳል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። በምን ሁኔታ እንደተለካ ያልተነገረ ዋት ስለ መሣሪያው የሚያሳውቀው ነገር የለም።

ፒኤምፒኦ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት የአለካክ ደንብ የለውም፤ እያንዳንዱ እንደፈለገ ያሰላዋል። እውነቱን ግን ማንም ሰው በቀላል ሂሳብ ሊደርስበት ይችላል። የኢትዮጵያ ቤቶች መስመር 220 ቮልት ነው። 5000 ዋት ሳያቋርጥ ለማውጣት፣ ቅንጣት ጉልበት በሙቀት ሳይባክን እንኳ፣ ከ22 አምፔር በላይ መሳብ ያስፈልጋል። በቀጭን ገመድ ሶኬት ላይ የሚሰካ የጠረጴዛ ቴፕ ይህን ያህል አይስብም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ያጠራቀመውን ለቅጽበት ሊለቅ ይችል ይሆናል፤ ዘፈን ግን በቅጽበት አያልቅም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሻጮች በዋት ቁጥር ሲፎካከሩ ማጋነኑ ልክ በማለፉ፣ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ በ1974 እ.ኤ.አ. የአምፕሊፋየር ደንብ አወጣ። ደንቡ ቀጣይነት ያለው ዋት እንዲገለጽ ቢያስገድድም፣ የድምፅ መዛባቱንና የሚለካበትን የድግግሞሽ ክልል ለአምራቹ ምርጫ ትቶት ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በ2024 የተሻሻለው ደንብ በ8 ኦም የስፒከር ጭነት፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ከ1 በመቶ በማይበልጥ መዛባት መለካትን ግዴታ አደረገ።

ቀዳዳውን ሲጠቀሙበት የኖሩት ርካሽ ዕቃ ሠሪዎች ብቻ አይደሉም። ሰባት ቻናል ያለው የቤት ሲኒማ ሪሲቨር «በየቻናሉ 150 ዋት» ተብሎ ሲሸጥ፣ መመሪያውን የገለጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነው፦ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎኸርዝ ብቻ፣ አንድ ቻናል ብቻውን እየሠራ፣ 10 በመቶ መዛባት ተፈቅዶ። 10 በመቶ መዛባት ጆሮን የሚረብሽ ነው። ሁኔታው በመመሪያው መጨረሻ ገጽ መታተሙ አምራቹን ከተጠያቂነት አያድነውም፤ ገዢው ገንዘቡን የከፈለው ካርቶኑን አይቶ ነውና።

ትርፍ ጉልበት መኖሩ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። አቅሙ ያለቀበት አምፕሊፋየር የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጣል፣ የስፒከሩንም ቀጭን ድምፅ አውጪ (ትዊተር) ሊያቃጥል ይችላል። ይህን የሚከላከለው ግን እውነተኛ ዋት ነው።

እውነተኛው ዋት ራሱ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት አይሠራም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ደግሞ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ80 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዴሲቤል አይበልጥም፤ ለዚህ ተጨማሪ ብር መክፈል ከንቱ ነው። የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ከአንድ ዋት የሚያወጣው የድምፅ መጠን፣ ግን ወሳኝ ነው። ቢቢሲ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚያሰራጭባቸው መኪኖቹ የነደፈው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 83 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። የአሜሪካው ክሊፕሽሆርን 105 እንደሚሰጥ አምራቹ ይገልጻል። ክሊፕሽሆርን በአንድ ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማግኘት ኤልኤስ3/5ኤ ከ100 ዋት በላይ ይፈልጋል። ሆኖም ገዢው ስለ ስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ሲጠይቅ፣ ሻጩም ሲነግረው እምብዛም አይሰማም።

ጥያቄው መለወጥ አለበት፦ ሳያቋርጥ ስንት ዋት? በስንት ኦም? ሁለቱም ቻናል አብረው እየሠሩ? በምን ያህል መዛባት? መልሱን በቃሉ የማያውቅ ሻጭ መመሪያውን ገልጦ ማሳየት ይችላል። መመሪያው ላይም ከሌለ፣ ገዢው የካርቶኑን ቁጥር ከዋጋ ድርድሩ ያውጣው።