ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ?

ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የሽማግሌ በሽታ ይመስለናል። ግን በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰውንም ይመታል፤ ዋናው መንስኤ የደም ግፊት ደግሞ ሕመም ሳያሰማ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የአርባ ዓመት የሲናና ገበሬ ግማሽ አካሉ ፓራላይዝ ሲሆን የሚቆመው እጁና እግሩ ብቻ አይደለም። የስንዴ እርሻውና የልጆቹ ትምህርትም አብረው ይቆማሉ።

እኛ ግን «ተመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች» ብለን ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን። ታዲያ ከዚያ በኋላ ማነው የሚከታተለው?

ለተቀጣሪ ሕጉ ጥቂትም ቢሆን ያስባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር በግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ። ስትሮክ የመታው እጅ ግን በ6 ወር ላይመለስ ይችላል። ገበሬው፣ የባጃጅ ሹፌሩና የጉልት ነጋዴዋ ደግሞ ይቺም የለቻቸውም።

ቤት ውስጥ ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በሚስት ወይም በእናት ላይ ነው። የዛለ እጅ ተጎትቶ ሲነሳ ትከሻው እንደሚጎዳ፣ መዋጥ ያቃተው ሰው ተጋድሞ መጉረስ እንደሌለበት፣ «ተሻለኝ» ተብሎ የግፊት መድኃኒት ቢቋረጥ ሁለተኛ ስትሮክ ሊመጣ እንደሚችል ማን ነገራት? ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ምልልስ ይፈልጋል። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለኛ ቅርብ ነው። ከገጠር ቀበሌ በሽተኛ ተሸክሞ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ ወጪ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ አዲስ ተቋም እስኪገነባ መጠበቅ የለብንም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። በሽተኛው ሲወጣ አንድ የቤተሰብ አባል እንቅስቃሴውን በተግባር ይማር፤ ስሙም ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ይላክ። እነሱም በወር አንዴ ግፊቱን ይለኩ፤ መድኃኒቱን፣ የአልጋ ቁስሉንና ጭንቀቱን ይጠይቁ። «ሥራ በዝቶባቸዋል» የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። ለዚህ ነው እኛ ተማሪዎች በመስክ ልምምዳችን ልናግዛቸው የሚገባው።

እድሮቻችንም ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን እንተክላለን፤ ለተረፈው ግን አንድ ቀን እንኳ አናርስለትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ? የትምህርት ክፍላችን ይህን ሐሳብ ከመጪው የመስክ ልምምድ ጀምሮ ቢሞክረው እላለሁ።

ሰላም!