ንጉሡ ደብዳቤውን ለምን አልከፈተም?

ንጉሡ ደብዳቤውን ቢከፍተው ኖሮ የሚወዳትን ሴት ከመሞቷ በፊት ያያት ነበር። አልከፈተውም። ያልከፈተው ልቡ ስለደነደነ ወይም ዙፋኑ ስለከለከለው አይደለም፤ ፖስታው ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት የእሷ ስላልነበረ ነው። አንድ ተከታታይ ድራማ ሰውን ሃያ ሰዓት ያህል ካስቀመጠ በኋላ መቋጫውን በአንድ ፖስታ ላይ ካንጠለጠለ፣ ተመልካቹ «ተታለልኩ» ቢል አይፈረድበትም።

ድራማው «ሙን ላቨርስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤስቢኤስ በተባለው የኮሪያ ጣቢያ በ20 ክፍል የተላለፈ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በጎርዮ ቤተ መንግሥት የሚካሄድ የፍቅር ታሪክ ነው። በዘመናችን የምትኖር አንዲት የመዋቢያ ዕቃ ሻጭ ፀሐይ በጨለመችበት ሰዓት ሐይቅ ውስጥ ትሰጥምና እ.ኤ.አ. በ941 ሄ ሱ በምትባል ልጃገረድ ሰውነት ውስጥ ትነቃለች። ዙሪያዋን ልዑላን ናቸው። መጀመሪያ ስምንተኛውን ልዑል ዋንግ ውክን፣ በኋላ አራተኛውን ዋንግ ሶን ትወዳለች። ዋንግ ሶ ግዋንግጆንግ ተብሎ ይነግሣል። በመጨረሻው ክፍል ሄ ሱ ቤተ መንግሥቱን ትታ በ14ኛው ልዑል በዋንግ ጁንግ ቤት ትኖራለች፤ ሞቷ ሲቃረብ ለንጉሡ ደብዳቤ ትጽፋለች። ጽሕፈቷ የንጉሡን ጽሕፈት ስለሚመስል፣ ሰው አይቶ ነገር እንዳያመጣ ጁንግ በሌላ ፖስታ ከቶ በራሱ እጅ ይጽፍበታል። ንጉሡ የወንድሙን ጽሕፈት ሲያይ ደብዳቤዎቹን ሳይከፍት ያስቀምጣቸዋል። ሲከፍታቸው እሷ አፈር ለብሳለች።

ተመልካች እዚህ ላይ ያለቅሳል። ማልቀሱም አያሳፍርም። ዋንግ ሶን የሚጫወተው ሊ ጁን ጊ አንድ ቃል ሳይናገር ኀዘንን በዓይኑ ማሳየት የሚችል ተዋናይ ነው። ጥያቄው እንባው ከየት መጣ የሚለው ነው። ዋንግ ሶ የወንድሙ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መርዝ የተጨመረበት ሰው ነው። በሴራ መሃል አድጎ በሴራ መሃል ነግሧል። እንዲህ ያለ ንጉሥ ከተቀናቃኙ ቤት በላይ በላዩ የሚመጣ ደብዳቤ ምን እንደሚል ለማወቅ አይጓጓም? ወንድሙን ቢጠላው እንኳ፣ ይልቁንም ስለሚጠላው፣ ሊከፍተው ይገባ ነበር። ተጠራጣሪ ንጉሥ ከወዳጁ ደብዳቤ በፊት የጠላቱን ነው የሚከፍተው።

ድራማው መጻፍ በማይችሉ ሰዎች እጅ ቢወድቅ ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል አያስቆጭም ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሌላ ምስክር ይሰጣል። ዋንግ ሶ በሕፃንነቱ እናቱ ባቆሰለችው ፊቱ የተነሣ ጭምብል ለብሶ የሚኖር፣ አገር የሚፈራው ሰው ነው። ለዝናብ ጸሎት በሕዝብ ፊት መቆም ሲገባው ሄ ሱ ጠባሳውን በመዋቢያ ትሸፍንለታለች። ይህች ሴት በፊተኛው ሕይወቷ የመዋቢያ ዕቃ ሻጭ መሆኗ እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል። በመጀመሪያው ክፍል እንደ ዋዛ የተወረወረች ዝርዝር የአንድን ልዑል ዕጣ ትለውጣለች። በኋላም የመርዙ ሻይ አለ፦ ዋንግ ሶ እሷ ያቀረበችለት ሻይ መርዝ እንዳለበት እያወቀ፣ እሷ እንዳትጠረጠር ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ተመልካቹ ያምነዋል፤ ጭምብሉን ያወለቀችለትን ሴት አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አይደለምና። ታዲያ መርዝ መሆኑን እያወቀ የጠጣው ይኸው ሰው ነው ፖስታ መክፈት ያቃተው? እዚህ ላይ የተለወጠው ዋንግ ሶ ሳይሆን ድርሰቱ ነው። ቀድሞ ሰውየው ታሪኩን ይመራ ነበር፤ አሁን ታሪኩ ሰውየውን ይጎትተዋል።

የሄ ሱ ዕውቀትም እንዲሁ ነው። ከመጪው ዘመን የመጣ ሰው ትልቁ ሀብቱ የሚሆነውን ማወቁ ነው። ሄ ሱ ግን የአገሯን ታሪክ እምብዛም አታውቅም፤ ድርሰቱ ሲፈልግ አንድ ስም ትዝ ይላታል፣ ሲፈልግ ራእይ ይታያታል፣ ሳይፈልግ ደግሞ ባዶ ትሆናለች። ድራማው የተቀዳበት የቻይናዊቷ ደራሲ የቶንግ ሁዋ ልብ ወለድ «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» እና እ.ኤ.አ. በ2011 ከእሱ የተሠራው የቻይና ድራማ በዚህ በኩል ጨካኝና ታማኝ ናቸው። በዚያኛው ታሪክ ሴቲቱ ማን እንደሚነግሥ፣ ማን እንደሚወድቅ ታውቃለች። የምትወደውን ስምንተኛ ልዑል ለማዳን ታስጠነቅቀዋለች፤ ያ ማስጠንቀቂያ ራሱ የፈራችውን ጥፋት ይጠራዋል። ማወቋ ወጥመዷ ሆነ። እዚህ ውስጥ ፖስታ አያስፈልግም፤ ሰዎቹ በማንነታቸው ይጠፋፋሉ። የኮሪያው ቅጂ ማስጠንቀቂያውን ወርሷል፤ ሥሩን ግን አልወረሰም።

ይህ ክርክር የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ክርክር ብቻ አይደለም። በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ፣ በሃምበር ወንዝ ዳር ባለችው ዌስተን፣ ከሥራ መልስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የኮሪያ ድራማ የምትከፍት ኢትዮጵያዊት አለች። ከዌስተን ጣቢያ በአንድ በኩል ወደ ፒርሰን አየር ማረፊያ፣ በሌላ በኩል ወደ መሃል ከተማ የሚሄደው ባቡር እንደ እሷ ያሉትን ለፈረቃ ያደርሳል፤ ማታ ይመልሳል። ሰብታይትሉ ሲፈጥንባት ልጇ ትተረጉምላታለች።

«እማዬ፣ አልከፈተውም እኮ።»

«ለምን?»

«ጽሕፈቱ የእሷ አይደለማ።»

«እንዴ! ሰውዬው ምን ብሎ እንደላከለት ማወቅ አይፈልግም?»

ከዚህ የተሻለ ሂስ አያስፈልግም። እንዲህ ያለችውን ተመልካች «ደክሟት የመጣች ሴት ምን አገባት፣ ትንሽ ትሳቅ፣ ትንሽ ታልቅስ» ብሎ ማለፍ ንቀት ነው። የእሷ ትውልድ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ሥራ አቁሞ ያደመጠ ትውልድ ነው። ተከታታይ ታሪክ ምን እንደሆነ፣ ባለፈው የተባለው ዛሬ መታወስ እንዳለበት ያወቀው ያኔ ነው።

ድራማውን የሚከላከሉ ሰዎች በዋናነት ሦስት መልስ አላቸው። የመጀመሪያው «መዝናኛ ነው፤ ምን ያካብዳችኋል?» የሚለው ነው። መዝናኛ መሆኑ ከውል ነፃ አያደርገውም። ቀልድ ተናጋሪ እንኳ መጀመሪያ ላይ ያስገባትን አህያ መጨረሻ ላይ ካላወጣት አድማጩ «አህያዋስ?» ይለዋል። ሁለተኛው መልስ ጥፋቱን በአርታኢዎቹ ላይ ይጥላል፤ በኮሪያ የታየውና ለውጭ አገር የቀረበው ቅጂ አቆራረጡ ይለያያልና። ይሁን እንጂ ፖስታውን መቀስ አላመጣውም። ደግሞም ይህ ድራማ እንደ ብዙዎቹ የኮሪያ ድራማዎች እየተላለፈ የተቀረፀ አልነበረም፤ ከመተላለፉ በፊት ቀረጻው አልቆ ነበር። ጽሑፉን አንብቦ «ይህ ሰው ይህን አያደርግም» ለማለት ጊዜ ነበር። ሦስተኛው መልስ «ፍቅር ምክንያት የለውም» የሚል ነው። ፍቅር ምክንያት ላይኖረው ይችላል፤ የሚያፈቅረው ሰው ግን ጠባይ አለው።

ጠባይ ሲባል ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ግድ ይላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የቀደመ ዘመን የፍቅር ታሪክ ነው፤ በመደብ የተለያዩ ሁለት ሰዎች፣ የሚከለክል ቤት፣ የማይደረስበት ፍጻሜ። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጡላት በዘር ኩራት ነው። ከገበሬዎቻቸው ጋር ያጣላቸውም ያው ኩራት ነው። አንድ ጠባይ ልጃቸውንም እሳቸውንም ይበላል። በዛብህን ወላጆቹ በልጅነቱ የተሳሉት ስለት አለ፤ አንባቢው ገና ሰብለን ሳያያት ያንን ስለት ያውቀዋል፣ እስከ መጨረሻም አይለቀውም። ጉዱ ካሣ ሲገባ የሚናገረውንና የሚያምነውን ይዞ ይዘልቃል፤ አንድ ቀን እንኳ ለደራሲው ምቾት ሲል ሌላ ሰው አይሆንም። በዛብህን መንገድ ላይ የሚያገኙት ሽፍቶች ድንገተኛ ናቸው የሚል ይኖር ይሆናል። ናቸው። ነገር ግን ድንገተኛው የሚመጣው ሰዎቹ በጠባያቸው መንገዱ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ሽፍታ ያላወቀውን መንገደኛ ሊገድል ይችላል፤ ዋንግ ሶን ግን ራሱን እንዲረሳ ካደረጉት በቀር ፖስታ አያሸንፈውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን የባከነው ታሪክ ነው። እውነተኛው ግዋንግጆንግ እ.ኤ.አ. ከ949 እስከ 975 ነገሠ። በ956 በግፍ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ጉዳያቸው ተመርምሮ ነፃ እንዲወጡ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ የመኳንንቱ ጉልበት በባሮቻቸው ብዛት ላይ የቆመ ነበርና ሕጉ ያን ጉልበት ነካው። በ958 ደግሞ ሹመት በፈተና የሚገኝበትን ሥርዓት ጀመረ። በኋላ ብዙ መኳንንት አስገድሏል። ነፃ አውጪና ገዳይ በአንድ ሰው ውስጥ! አጠገቡ ደግሞ ባርነትን ተፈጥሯዊ አድርጋ መቀበል የማይቻላት የ21ኛው ክፍለ ዘመን ሴት አለች። እሷ ያለችው ነው ሕግ የሆነው? የወደደችው ሰው ነው ወይስ የፈራችው ንጉሥ ያንን ሕግ የጻፈው? ድራማው ይህን በጨረፍታ ነክቶ ያልፋል። ለፖስታው የተሰጠው ቦታ ለዚህ ቢሰጥ ኖሮ መለያየታቸው ራሱ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው ይለያዩ ነበርና።

ይህ ነገር አገር ቤት ላለው አንባቢም ሩቅ አይደለም። «ሙን ላቨርስ» በታየበት በ2016 እ.ኤ.አ. ነበር ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየተረጎመ ማሳየት የጀመረው። ያኔ የተነሣው ጩኸት «ባህላችን ተበላ፣ ሥራችን ተወሰደ» የሚል ነበር። የሥራው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም ሁሉም ስለ ድራማዎቹ ዜግነት ሲከራከር ስለ አጻጻፋቸው የጠየቀ ጥቂት ነው። ውጤቱ ዛሬ ይታያል። ከውጭው ድራማ የተቀዳው ሙዚቃው፣ ዘገምተኛው እይታ፣ በዝናብ መሃል መሮጡ ነው። በአማርኛ ተከታታይ ድራማዎችም ተዋናይ ሲለቅ ገጸ ባሕርይው ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ስፖንሰር ሲገኝ ያለቀው ታሪክ ይለጠጣል፤ በአሥረኛው ክፍል የታወቀ ምስጢር በሠላሳኛው እንደ አዲስ ያስደነግጣል። ፖስታው ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል።

አሁን ደግሞ የታሪክ ድራማ ተራ እየደረሰ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆኖ መቅረብ ጀምሯል። ነገ አንዱ የእቴጌ ምንትዋብን ዘመን ሊጽፍ ይነሣ ይሆናል። ከቋራ የመጣች ሴት፣ የነገሠ ልጇ፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ያስገደሉት የልጅ ልጇ፣ ከዙፋኑ ርቃ የኖረችበት ቁስቋም፤ ይህ ታሪክ የፍቅርም የሥልጣንም ነው፣ ምንም ፖስታ አይፈልግም። የሚፈልገው በመጀመሪያው ክፍል ምንትዋብ ማን እንደሆነች ጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ፣ በሃያኛው ክፍል ደግሞ ወረቀቱን ቀና ብሎ የሚያይ ደራሲ ነው።