የደን ባለሙያ ከደኑ ሳይርቅ ይደግ

በወረዳ የደን ባለሙያ ሆኖ የተቀጠረ ወጣት ደመወዙ እንዲያድግ ከፈለገ ከደኑ መራቅ አለበት። የሚጓጓለት መደብ ያለው ዞን፣ ክልል ወይም አዲስ አበባ ነው። እኔ በምሠራበት በሰሜን ሸዋ፣ ወፍ ዋሻ ደን አካባቢ፣ አብረውኝ የጀመሩ ጎበዞች ተራ በተራ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለባቸው።

ጉዳቱ ግን ደኑ ላይ ይታያል። ከትልቅ ዝግባ ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ጣት የማታህል ቡቃያ ከብት ረግጧት ወይም ጫፏን ቀጥፏት ያገኛል። እናት ዛፏ ስለቆመች ከመንገድ ሲያዩት ደኑ ደህና ይመስላል፤ ተተኪ ግን የለውም። ይህን ለማወቅ በየክረምቱ እዚያው ቦታ ተመልሶ ማየት ይጠይቃል። ከብቱ የማን እንደሆነ፣ የግጦሽ እጥረት መቼ እንደሚብስ፣ የትኛው ሽማግሌ ቢናገር አገር እንደሚሰማው የሚያውቀው እዚያው የከረመ ባለሙያ ነው። ይህ እውቀት በርክክብ ሰነድ ላይ አይጻፍም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ሲያለሙ ዘሩን ያስመጡት ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ደን ቶሎ ቶሎ በሚቀያየር ሰው እጅ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ደንን የሚመራው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያ ደን ልማት ተብሎ ራሱን ችሏል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰቡም የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል ደንግጓል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ገበሬዎች ተደራጅተው የደናቸውን ወሰን ሲያስለኩና የአያያዝ ዕቅድ ሲያወጡ አጠገባቸው የሚቆመው ያው የወረዳ ባለሙያ ነው።

ስለዚህ አንድ ደን ላይ ለቆየ ባለሙያ ባለበት ወረዳ ሆኖ እስከ ከፍተኛው ደረጃ የሚያድግበት መሰላል ይሠራለት። ሲመዘንም በክረምት ስንት ችግኝ አስተከለ ተብሎ ብቻ አይሁን፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ጸደቀ፣ በተፈጥሮ የበቀለው ስንቱ ከከብት ተረፈ ተብሎ ይጠየቅ። ለሞተር ብስክሌቱ ነዳጅም ይመደብለት፤ በእግር የማይደረስበት ብዙ ነው።

ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ የምትመረቁ ልጆች፣ መንግሥት ቤት ግቡ፤ ሥራው ትልቅ ነው። ስትቀጠሩ ግን ከደመወዙ ቀጥሎ የትኛው ደን ላይ እንደምትመደቡና ስንት ዓመት እንደምትቆዩበት ጠይቁ።