በጀርባችን ያለው ስም የማን ነው?

የዚህ ወር ዓምዳችን የሚያወሳው ስለ አንድ ተራ ልብስ ነው፤ ስለ ማሊያ። በከሚሴ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ ወይም በሰንበቴ የእሁድ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ተከምሮ በሚሸጥበት ስፍራ እጅጌ የሌለው፣ ሰፋ ያለ፣ በደረቱ የቡድን ስም፣ በጀርባው ትልቅ ቁጥር ያለበት የቅርጫት ኳስ ማሊያ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ለቆላው ሙቀት የተመቸ ነውና ወጣቶቻችን ይወዱታል። ይሁን እንጂ ከለበሱት መካከል አንዱን አስቁመን «ወንድሜ፣ በጀርባህ ያለው ስም የማን ነው?» ብንለው መልስ የሚሰጠን ስንቱ ይሆን?

በውጭው ዓለም የድሮ ማሊያ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ማይክል ጆርዳን በ1998 የፍጻሜ ግጥሚያ የለበሰው ማሊያ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ሰብሳቢዎች የማሊያውን ዘመን ከጨርቁ፣ ከስፌቱና በአንገቱ ላይ ካለው ምልክት ያውቃሉ። ለምሳሌ በ1990ዎቹ የአሜሪካው ሊግ ቡድኖች የለበሱት በአብዛኛው «ቻምፒዮን» የተባለው ድርጅት የሠራውን ነበር፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ «ናይክ» ያቀርባል። ቁጥሩ በጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋበት ማሊያ፣ ቁጥሩ በቀለም ብቻ ከታተመበት ይልቅ ይከበራል።

ነገር ግን አንድን ማሊያ ከሌላው ጨርቅ የሚለየው ጨርቁ ሳይሆን የለበሰው ሰው ታሪክ ነው። ታሪኩ ከተረሳ 10 ሚሊዮን የወጣበትም ሆነ ከገበያ ክምር የተነሳው ያው ጨርቅ ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን በየገበያው ሊያገኟቸው ከሚችሉ ስሞች ጥቂቶቹን እናንሳ።

የመጀመሪያው 33 ቁጥር ነው። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1947 በኒውዮርክ ሲወለድ ስሙ ሉ አልሲንዶር ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1968 እስልምናን ተቀበለ። በ1969 ሚልዋኪ ባክስ የተባለውን ቡድን ተቀላቅሎ በ1971 ቡድኑን ለሻምፒዮንነት አበቃው። ዋንጫውን ባነሳ ማግሥት አዲሱን ስሙን ለሕዝብ አሳወቀ፤ ከሪም አብዱልጀባር። ልብ በሉ! በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ሁሉም ሰው በአሮጌው ስሙ በሚጠራበት ሰዓት ነው ስሙን የለወጠው። ቁጥሩ ግን 33 እንደሆነ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛውሮ አምስት ዋንጫዎችን ጨመረ፤ በ1989 ጨዋታ ሲያቆም 38 ሺህ 387 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። ይህን ክብረ ወሰን ሌብሮን ጄምስ የሰበረው ከ34 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 2023 ነው።

እንግዲህ ይህ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ሲታይ ለብዙ ልጆቻችን የፈረንጅ ስም ይመስላቸዋል። በፊደላችን ሲጻፍ ግን የጎረቤታችን ስም ነው። በከሚሴና በአካባቢዋ አብዱልጀባር የሚባል ወንድም፣ አጎት ወይም የክፍል ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ትርጉሙም «የኃያሉ ጌታ ባሪያ» ማለት ነው። ወጣቱ በጀርባው የተሸከመው እንዲህ ያለውን ስም መሆኑን ካወቀ አለባበሱም አካሄዱም ይለወጣል። እናቶችም ማሊያው ሲያረጅ የወለል መወልወያ ከማድረጋቸው በፊት ስሙን ያነቡ ዘንድ እናሳስባለን።

ሁለተኛው 34 ቁጥር፣ የሂዩስተን ሮኬትስ ማሊያ ነው። የናይጄሪያው ሐኪም ኦላጁዎን እ.ኤ.አ. በ1963 በሌጎስ ተወለደ። በልጅነቱ እግር ኳስና የእጅ ኳስ ተጫውቷል፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። አሜሪካ ሲገባ ስሙ «አኪም» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ በ1991 አንድ ፊደል አስጨምሮ ወደ ትክክለኛው «ሐኪም» መለሰው። በእኛ አፍ ሐኪም ሲባል የሚያክም ሰው ይታሰበናል፤ በዐረብኛ ጥበበኛ ማለትም ነው። በ1994 የዓመቱ ኮከብ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ በመሆን ሦስቱን በአንድ ዓመት የጠቀለለ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ።

የእርሱ ታሪክ በተለይ ለወጣቶች የሚጠቅመው በረመዳን ነው። በ1995 የረመዳን ወር ከሞላ ጎደል በየካቲት ወር ላይ ነበር የዋለው። ሐኪም በጾም ላይ ሆኖ፣ ቀን በሚደረጉ ጨዋታዎች ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይጫወት ነበር። የዚያን ወር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠውም እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ በምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ ገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። «በጾም ምክንያት አልቻልኩም» ለሚል ተማሪም ሆነ ሠራተኛ ይህ ማሊያ ጥሩ መልስ አለው።

ሐኪም ሌላም የሚወሳ ሥራ አለው። በዚያ ዘመን በታዋቂ ተጫዋቾች ስም የሚሸጡ ጫማዎች ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅባቸው ነበር። እርሱ ግን ድሃ እናት ልጆቿን እንዴት ልታጫማ ትችላለች በማለት ስሙን የሰጠው 35 ዶላር ገደማ ለሚሸጥ ጫማ ነበር። ወላጆች የልጆቻቸውን «ይህን ካልገዛችሁልኝ» የሚል ጭቅጭቅ ሲሰሙ ይህን ታሪክ ቢያጫውቷቸው መልካም ነው።

ሦስተኛው የዴንቨር ነጌትስ ተጫዋች የነበረው ማሕሙድ አብዱልረኡፍ ነው። ክሪስ ጃክሰን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 በሚሲሲፒ ግዛት ተወለደ። ሰውነትን ከፈቃድ ውጭ የሚያንቀሳቅስ የቱሬት ሕመም ነበረበት። ሕመሙ ውርወራውን እስኪረካ ድረስ ደጋግሞ እንዲለማመድ ያስገድደው ነበርና በ1993/94 የውድድር ዘመን ከ229 የቅጣት ውርወራዎች 219ኙን አስገባ። በ1991 እስልምናን ተቀብሎ በ1993 ስሙን ለወጠ። በመጋቢት 1996 የሀገሪቱ መዝሙር ሲዘመር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ባለመቆሙ ሊጉ ያለ ደመወዝ አገደው። ከአንድ ጨዋታ በኋላ ቆሞ አንገቱን በመድፋት ዱዓ እንዲያደርግ ስምምነት ላይ ተደረሰ። በዚያው ዓመት ክለቡ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጠው። ሰዎች በድርጊቱ ላይ የተለያየ አስተያየት ሊኖራቸው ይችላል፤ ዋጋ እንደከፈለበት ግን የሚክድ የለም። የተማረበት የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ 35 ቁጥር ማሊያውን በክብር የሰቀለለት በ2020፣ ማለትም ከእገዳው 24 ዓመት በኋላ ነው።

እህቶቻችንም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የተወለደችው ቢልቂስ አብዱልቃድር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 3 ሺህ 70 ነጥብ አስቆጥራ የግዛቱን ክብረ ወሰን ይዛለች። ሂጃቧን ሳታወልቅ በዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ዲቪዚዮን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ወደ ውጭ ሀገር ሊጎች ለመሻገር ስታስብ ግን የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የራስ መሸፈኛ የሚከለክል ደንብ ይዞ ጠበቃት። እርሷና ሌሎች እህቶች ባደረጉት ጥረት ደንቡ በ2017 ተሻረ። ለእርሷ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ከኋላዋ ላሉት ግን በሩ ተከፈተ።

ለመሆኑ የእነዚህን ሰዎች ማሊያ ሰብስቦ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? መልሱን ከራሱ ከከሪም እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በሎስ አንጀለስ ያለው ቤቱ ተቃጠለ። ለዓመታት ሲያጠራቅማቸው የነበሩት የሙዚቃ ሸክላዎች አብረው ጠፉ። ይህን የሰሙ ደጋፊዎቹ በየቤታቸው ካለው እየመዘዙ ሸክላ ይልኩለት፣ መጫወቻ ሜዳ ድረስም ይዘውለት ይመጡ ጀመር። የአንድ ሰው ስብስብ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ፤ የሰዎች ልግስና ግን ከአመዱ ውስጥ ሌላ ስብስብ አወጣ።

ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ከሪም ከጨዋታ ዘመኑ ያስቀመጣቸውን 234 ዕቃዎች ለጨረታ አቀረበ። ከእነዚህም ውስጥ አራቱ የሻምፒዮንነት ቀለበቶቹ ነበሩ፤ የ1987ቱ ቀለበት ብቻውን ወደ 400 ሺህ ዶላር አወጣ። ጠቅላላው ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። የገንዘቡን አብዛኛው ክፍል አቅም የሌላቸው ሕፃናት ሳይንስና ሒሳብ እንዲማሩ ለሚረዳው ድርጅቱ ሰጠ። ቀለበቱን በቤት ቆልፎ ከማየት ይልቅ አንድ ሕፃን ሲማር ማየትን መረጠ ማለት ነው። ታዲያ ቀለበቶቹ ስለተሸጡ ድሎቹ ተሰረዙን? አልተሰረዙም። እንዲያውም ቀለበቱን ያላዩ ሰዎች ሁሉ ታሪኩን ሰሙ።

እንግዲህ ፊታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። ከዚያ ቡድን ሉቻኖ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን ከመጥራት አልፎ ሌሎቹን የሚዘረዝር ወጣት ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ መሐመድ ከድር በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ በ2013 በዚያችው ሞስኮ መሐመድ አማን በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የሁለቱም ደረት ላይ የነበረው ስም «ኢትዮጵያ» ነው። የሩቁን ሀገር ተጫዋች ቁጥር የምናውቅ ልጆች የእነዚህን ስም ሳናውቅ ብንቀር ያሳዝናል።

ከዚህም ቀርበን እንይ። በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ፣ በጨፋ ሮቢት ለትምህርት ቤቱ ወይም ለቀበሌው ቡድን የተጫወቱ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች በየቤቱ አሉ። ማሊያቸው በሳጥን ሥር ተጣጥፎ ወይም የሕፃን መጠቅለያ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። በእነዚህ ማሊያዎች ጀርባ ላይ ስም ስለማይጻፍ ባለቤቱ ወደ አኼራ ሲሄድ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል። የአብዱልጀባር ማሊያ ቢጠፋ ታሪኩ በመጽሐፍ አለ፤ የአጎታችን ማሊያ ቢጠፋ ግን በየትም አይገኝም። ስለዚህ መሰብሰብ ለሚወድ ወጣት የመጀመሪያው ገበያ የራሱ ቤት ነው።

አሰባሰቡም ገንዘብ አይጠይቅም። ማሊያውን ከማንሳትህ በፊት ባለቤቱን አስፈቅድ። ከዚያም ከጎኑ ተቀምጠህ ጠይቀው፤ በየትኛው ዓመት ለበሰው? ከእነማን ጋር ተጋጠሙ? ውጤቱ ምን ነበር? አብረውት የተሰለፉት እነማን ናቸው? ከእነርሱ ወደ አኼራ የሄደ ካለ ስሙን አንስታችሁ ዱዓ አድርጉለት። የነገረህን በወረቀት ጽፈህ ከማሊያው ጋር አኑረው፤ ቢቻል በትንሽ ጨርቅ ጽፈህ ከውስጥ በኩል ስፋው። ማሊያውን በቀዝቃዛ ውኃ እጠብ፣ የቆላ ፀሐይ ቀለም ያጠፋልና በጥላ አስጣው፣ ካውያ ማሳረፍ ካለብህ ገልብጠህ ይሁን። ብልና እርጥበት በማይደርስበት ሳጥን አስቀምጠው።

ገዝቶ ለሚሰበስበውም ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። ከቤት ወጪ ተቀንሶ የሚገዛ ማሊያ ኢስራፍ ነው። ደርዘን ማሊያ አጥፎ አስቀምጦ የጎረቤት ልጅ ልብስ አጥቶ ሲበርደው ማየትም አይገባም፤ ታሪኩን ጽፈህ ከያዝክ በኋላ ማሊያውን በሰደቃ ብትሰጠው ስብስብህ አይጎድልም። እጅጌ የሌለውን ማሊያ ለብሰህ የሶላት ሰዓት ቢደርስ ደግሞ ትከሻህን የምትሸፍንበት ነገር ከአጠገብህ አይጥፋ።

ወላጆችም ልጆቻቸው ለስፖርት ያላቸውን ፍቅር በቁጣ ከመመለስ ይልቅ በጥያቄ ቢቀበሉት ብዙ ያተርፋሉ። ልጁ ማሊያ ለብሶ ወደ ቤት ሲገባ «በጀርባህ ያለው ስም የማን ነው?» በሉት። ካወቀ ያስተምራችኋል፤ ካላወቀ አብራችሁ ትማራላችሁ። ከዚያም እርሱ በተራው «አባባ፣ አንተስ ስንት ቁጥር ነበርክ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) መልካም ስም ካላቸው፣ መልካም ስምንም ለልጆቻቸው ከሚያወርሱ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።