ሐዲዱ ቀድሞ ኃይሉ ሲዘገይ፦ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ፈተና

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.አ.አ.) በ2015 መስከረም ወር ሥራ ሲጀምር ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያው ዘመናዊ የቀላል ባቡር አገልግሎት ተብሎ ተወድሶ ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚዘልቁት ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ይህ ፕሮጀክት 85 በመቶ ወጪው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው።

በአገልግሎቱ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ግን ለከተማዋ ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ የሆኑባቸው ጊዜያት ታይተዋል። ማለዳ ወደ ሥራ የሚጣደፈው ተሳፋሪ ከባቡር ጣቢያው ወርዶ ወደ ታክሲ ሰልፍ የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኃላፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ችግሮች የመለዋወጫና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲሆኑ፣ የኬብል ስርቆትና የኃይል መቆራረጥም ይጠቀሳሉ።

ከእነዚህ ምክንያቶች ጀርባ እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ጉዳይ አለ። የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመውም የሚሄደውም ሕዝብ በማያየው የኃይል ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት በግንባታው ቦታ ተገኝቶ የሚተክለው፣ የሚፈትሸውና መዝግቦ የሚያስረክበው ደግሞ የመስክ መሐንዲሱ ነው። ኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት ባቡር መገንባት እንደምትችል አሳይታለች። ያልተመለሰው ጥያቄ ግንባታው ሲያልቅ የመስክ መሐንዲሱ ዕውቀት በማን እጅ እንደሚቀር ነው።

ከሐዲዱ በላይ ያለው ሥራ

በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ላይ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ዥረት ይሸከማል። ኃይሉ ከከተማው መስመር የሚመጣው ተለዋዋጭ ዥረት ሆኖ ነው። በመስመሩ አቅራቢያ በተተከሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ውስጥ ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሬክቲፋየር የተባለው መሣሪያ ደግሞ ወደ ቀጥተኛ ዥረት ይለውጠዋል። ባቡሩ በጣሪያው ላይ ባለው ፓንቶግራፍ ኃይሉን ከሽቦው ይቀበላል። ዥረቱ ሞተሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ በሐዲዱ በኩል ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው ይመለሳል።

ይህ የዥረት ዑደት በአንድ ቦታ ከተሰበረ ባቡሩ ይቆማል። በዝቅተኛ ቮልት የሚላክ ኃይል በርቀት ስለሚዳከምም ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መተከል አለባቸው። ስለዚህም የከተማ ባቡር የኃይል ግንባታ በብዙ ትንንሽ ቦታዎች ተበታትኖ የሚከናወን ነው።

የመስክ መሐንዲሱ ቀን በእነዚህ ቦታዎች መካከል ያልቃል። ሽቦው በቀጥታ መስመር አይወጠርም፤ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ሲሻገር በትንሹ ግራና ቀኝ እንዲዛነፍ ይደረጋል። እንዲህ ካልሆነ የፓንቶግራፉን የካርበን ንጣፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየፋቀ ይቆርጠዋል። ቀን በሙቀት የሚለጠጠውና ሌሊት በብርድ የሚኮማተረው ሽቦ ውጥረቱ እንዳይዛባም በምሰሶ ላይ በሚንጠለጠሉ ክብደቶች ይጠበቃል። መሐንዲሱ ከፍታውን፣ ዝንፈቱንና ውጥረቱን ምሰሶ በምሰሶ ይለካል፤ ይመዘግባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ኋላ የማይታየው ነው። በሐዲዱ መመለስ የነበረበት ዥረት በደካማ መከላከያ በኩል ወደ አፈር ካፈተለከ የውኃ ቧንቧዎችንና በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላል። ይህን መከላከል የሚቀለው ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ነው። በዚያች ጥቂት ሰዓት መሐንዲሱ ካልፈተሸ ስህተቱ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል።

ሽቦው ኃይል ካገኘ በኋላ ደግሞ ሥራው ሌላ ሥርዓት ይከተላል። ማንም ሠራተኛ ሽቦውን ከመንካቱ በፊት ኃይሉ ይቋረጣል፤ መቋረጡ በመሣሪያ ይረጋገጣል፤ መስመሩ ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ ሠራተኛውም በማቋረጫው ላይ የራሱን ቁልፍ ይቆልፋል። ቁልፉን የሚከፍተው የቆለፈው ሰው ራሱ ብቻ ነው።

አንድ መሸፈኛ፣ አንድ ሕይወት

የትንሽ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የዋሽንግተን ነዋሪዎች ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። የአዲስ አበባው ባቡር ሥራ በጀመረበት በዚያው በ2015፣ ጥር 12 ቀን፣ በዋሽንግተን ሜትሮ ላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ ባለው ዋሻ ውስጥ አንድ ባቡር በጭስ ተከቦ ቆመ። አንዲት ተሳፋሪ ሕይወቷ አለፈ፤ በርካቶች ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ።

የዋሽንግተን ሜትሮም የሚሠራው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ዥረት ነው። ልዩነቱ ኃይሉን የሚያገኘው ከሐዲዱ ጎን ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ለጭሱ መነሻ የሆነው በኃይል ኬብሎች ላይ የተፈጠረና ለረጅም ጊዜ የቆየ የኤሌክትሪክ ንክኪ መሆኑን፣ የድርጅቱ የቁጥጥርና የጥገና አሠራርም ደካማ እንደነበር አስታውቋል። መርማሪዎቹ አንዳንድ የኬብል ማያያዣዎች ውኃና ቆሻሻ እንዳይገባባቸው የሚከላከለው መሸፈኛ ሳይገጠምላቸው እንደተተዉ ደርሰውበታል።

መሸፈኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። መገጠሙን ማየት የሚችሉት ገጣሚው ሠራተኛና በቦታው ተገኝቶ የሚፈትሸው መሐንዲስ፣ ቀጥሎም የጥገና ባለሙያው ናቸው። እነርሱ ካላዩት ሌላ የሚያየው የለም።

ሐዲድ አለ፣ ኃይል የለም

የኃይል ሥራው ከሐዲዱ ጋር እኩል ካልተራመደ ምን እንደሚከተል የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ያሳያል። በቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ የተገነባው ይህ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ የኮንትራት ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የግንባታው አብዛኛው ክፍል ከተጠናቀቀ በኋላም መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ለባቡሩ የሚሆን የኤሌክትሪክ ኃይል አለመቅረቡ ነበር። ከዚያም በ2021 ጦርነቱ ወደ ወልዲያና ኮምቦልቻ ሲዘልቅ በመስመሩ ላይ ዝርፊያና ጉዳት ደረሰ።

ይኸው ኩባንያ በታንዛኒያ ከዳሬሰላም እስከ ሞሮጎሮ የሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2024 ተሳፋሪ ማጓጓዝ ጀምሯል። ታንዛኒያ ለባቡሩ የሚሆነውን የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ለብቻው ዘርግታለች። ሁለቱን አገሮች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም፤ ታንዛኒያ በመስመሯ ላይ ጦርነት አልገጠማትም። ነገር ግን የኢትዮጵያው መስመር ከጦርነቱ በፊትም ኃይል ይጠብቅ ነበር። ሐዲዱን የሚያሠራው ተቋምና ኃይሉን የሚያቀርበው ተቋም በተለያየ የጊዜ ሰሌዳ ሲሠሩ፣ በመሐል የሚቆመው የመስክ መሐንዲስ የሚፈትሸው ነገር አያገኝም።

ችግሩ የማመንጨት አቅም ብቻ ነው የሚለው መልስም ከእንግዲህ አያስኬድም። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በ2025 መስከረም ተመርቋል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ትራንስፖርቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞርን ፖሊሲው አድርጓል። ከግድቡ የወጣው ኃይል ወደ ባቡሩ ሽቦና ወደ አውቶቡሱ መሙያ የሚደርሰው ግን በማከፋፈያ ጣቢያዎች በኩል ነው። የፖሊሲው ዕጣ የሚወሰነውም በእነርሱ ነው።

ዕውቀት የሚተላለፈው መቼ ነው?

ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ዥረት ይሠራል። ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ገንብተውት በ2018 መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ አስተዳደሩም ለዓመታት በእነርሱ እጅ ቆይቷል። በ2024 ኃላፊነቱ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቻይና ባለሙያዎች ድጋፍ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገር ውስጥ ሠራተኞች ተሸጋግሯል።

እነዚህ ርክክቦች የሚያኮሩ ናቸው። ጥንካሬያቸው የሚለካው ግን በፊርማው ሥነ ሥርዓት አይደለም። አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ሌሊት ሲጠፋ ተረኛው ባለሙያ የትኛው መከላከያ መሣሪያ በምን ያህል ዥረት እንዲያቋርጥ እንደተስተካከለ ያውቃል? ኬብሉ በንድፉ ላይ በተሳለበት ሳይሆን በእርግጥ በተቀበረበት ቦታ የሚያሳይ የታረመ ንድፍ አለው? ንድፉና የመሣሪያው መመሪያ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፈዋል? እነዚህ ሰነዶች የሚሰበሰቡት በግንባታው ጊዜ፣ በመስክ መሐንዲሱ እጅ ነው። ቦዩ ከተደፈነ በኋላ መልሶ መሰብሰብ እጅግ ውድ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ የራሷ ታሪክ አላት። የቀድሞው የፈረንሣዮች ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። በድሬዳዋ የተቋቋመው የጥገና ወርክሾፕ ትውልድ ለትውልድ ሲቀባበለው የኖረ የእጅ ሙያ አፍርቷል። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ያ ሙያ አሮጌዎቹን ባቡሮች ፋብሪካቸው ካሰበላቸው ዕድሜ በላይ አቆይቷቸዋል። አዲሶቹ መስመሮች ግን ድሬዳዋን የሚመስል የኃይልና የሽቦ ጥገና ትምህርት ቤት ለማፍራት ገና ጊዜ አላገኙም።

የገንዘቡ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ቀላል ባቡሩ ሲጀምር ትኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። መለዋወጫው ግን የሚገዛው በዶላር ነው፤ በ2024 ሐምሌ ወር ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ይኸው ዕቃ በብር ሲተመን እጅግ ተወዷል። አንድን የተበላሸ ክፍል ፈትቶ የሚጠግን ባለሙያ ያለው ድርጅትና ሙሉውን መሣሪያ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት የሚከፍሉት ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የሰው ኃይል ሥልጠና የውጭ ምንዛሪን ችግር ባይፈታም ክብደቱን ይቀንሳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚታየው

በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች ይህን ሥራ በዓይናቸው ሲያዩ ከርመዋል። ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን ሃያ አንድ ጣቢያዎች የሚኖሩት የፐርፕል ላይን ቀላል ባቡር ግንባታ የተጀመረው በ2017 ነው። የመጀመሪያው ዋና ተቋራጭ በ2020 ሥራውን ጥሎ ወጥቶ፣ ሌላ ተቋራጭ እስኪተካ የግንባታው አብዛኛው ክፍል ተጓትቷል፤ የአገልግሎቱ መጀመሪያም በዓመታት ተገፍቷል። መዘግየት የድሃ አገር ዕጣ ብቻ አለመሆኑን ይህ በቂ ምስክር ነው። ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ የሚረከብ ተቋራጭ ከምድር በታች ያለውን የሚያውቀው ቀዳሚው መሐንዲስ በተወው መዝገብና በድጋሚ ፍተሻ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ቀጣዩን የባቡር ወይም የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ውል ስትፈርም የኪሎ ሜትሩ ብዛትና የብድሩ መጠን በዜና እንደሚነገር ጥርጥር የለውም። ከዚያ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ሊፈለጉ የሚገባቸው ሁለት አንቀጾች አሉ። አንደኛው ኃይል የሚያቀርበው ተቋም መቼና በምን ግዴታ መስመሩን እንደሚያደርስ የሚደነግገው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ምሰሶ ተከላ አንሥቶ ስንት የአገር ውስጥ የኃይል መሐንዲሶች ከተቋራጩ መሐንዲሶች ጎን ሆነው እንደሚለኩ፣ እንደሚፈትሹና እንደሚፈርሙ የሚወስነው ነው። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ከዐሥር ዓመት በኋላ በባቡር ጣቢያው ይሁን በታክሲ ሰልፉ እንደሚገኝ በአመዛኙ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ነው።