ሥልሳ ዓመት የቆየ መስመር

የመንገድ ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም። እህሉን ወደ ገበያ፣ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ ስለዚህ መንገድን የሚጠላ ሕዝብ የለም። ነገር ግን መንገዱ የሚያልፍበት ስፍራ ባዶ ሜዳ ሳይሆን ሰው ወልዶ ከብዶ፣ ዛፍ ተክሎ የሚኖርበት ነባር ሠፈር በሆነ ጊዜ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ይህንኑ ጥያቄ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከደረሰው ነገር ጋር አያይዘን በዛሬው ዓምዳችን ልንመለከተው ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሎንግ ቢች ወደብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው፣ ዛሬ ቁጥር 710 እየተባለ የሚጠራው ፈጣን መንገድ በ1960ዎቹ ዓመታት አልሃምብራ ከተባለችው ከተማ ደርሶ ቆመ። ከዚያ እስከ ፓሳዴና የቀረው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በመካከሉ ግን የሠራተኞች ሠፈር የሆነው ኤል ሴሬኖና በ1888 ራሷን ችላ ከተማ የሆነችው ሳውዝ ፓሳዴና ይገኛሉ። የሳውዝ ፓሳዴና ሰዎች በአሮጌ የእንጨት ቤቶቻቸውና በጥላማ ዛፎቻቸው የሚኮሩ ናቸው። መሐንዲሶቹ በካርታ ላይ ያሰመሩት መስመር ይህችን ትንሽ ከተማ ለሁለት የሚከፍል ነበር።

የካሊፎርኒያ መንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት በመስመሩ ላይ የሚገኙትን ብዙ መቶ ቤቶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይገዛ ጀመር። ከተማይቱ ግን አልተቀበለችውም። በ1970 ሥራ ላይ የዋለው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ የሚያስከትለው ጉዳት እንዲጠና ያዝዝ ነበርና፣ በ1973 ፍርድ ቤት ሥራውን አገደ። በ1998 የፌዴራሉ መንግሥት መንገዱን ቢፈቅድም በሚከተለው ዓመት ሌላ የፍርድ ቤት እገዳ መጣ፤ በ2003 ፈቃዱ ራሱ ተነሣ።

የአልሃምብራን ሰዎች አቤቱታ ሳናነሣ ብናልፍ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ፈጣኑ መንገድ በከተማቸው ጫፍ ላይ በድንገት ስለሚያልቅ፣ መኪናው ሁሉ በመኖሪያ መንገዶቻቸው ላይ ይፈስሳል። ጩኸቱንና ጢሱን የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው። አንዱ ሠፈር ጸጥታውን ሲያስከብር ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ መዞሩ ሐቅ ነው። ይህን ለማስታረቅ በመሬት ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ ሠፈሮቹን ከሥር ማለፍ ታሰበ፤ ግምቱ ግን ብዙ ቢሊዮን ዶላር ሆነ። በ2017 የአውራጃው የመጓጓዣ ቦርድ ዋሻውን ትቶ የተመደበው ገንዘብ ለአካባቢው መንገዶች ማሻሻያ እንዲውል ወሰነ። በ2018 የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ጨርሶ መተዉን አስታወቀ፤ በ2019 የወጣው ሕግም መስመሩን ከመንግሥት መንገዶች መዝገብ የሚያስወጣ ሆነ።

እንግዲህ ማን አሸነፈ? ሳውዝ ፓሳዴና አሸነፈች ማለት ይቻላል። ሆኖም በእነዚያ ሥልሳ ዓመታት ውስጥ መንግሥት የገዛቸው ቤቶች ባለቤት እንደሌላቸው ሆነው ኖሩ። ተከራይ የገባባቸው በጥገና እጦት አረጁ፤ ሌሎቹ ባዶአቸውን ቀሩ። የካሊፎርኒያ ኦዲተር በ2012 ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ መሥሪያ ቤቱ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ለጥገና ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ ያገኘው ኪራይ 13 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። በ2020 መጠለያ ያጡ ቤተሰቦች በኤል ሴሬኖ ባዶ ወደ ነበሩት የመንግሥት ቤቶች ገብተው ተቀመጡ። በሰሜኑ ጫፍ በፓሳዴና የደረሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። መንገዱ ይመጣል ተብሎ ሠፈር ፈርሶ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከተነሡት ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። መንገዱ አልመጣም። መሬቱ በ2022 ለከተማው ሲመለስ፣ የፈረሰው ጉርብትና አብሮ ሊመለስ አልቻለም።

ጠበቃ ለማቆምና ለዐሥርተ ዓመታት ለመሟገት የቻለ ሠፈር ቤቱን አተረፈ፤ ያልቻለው ቤቱን አጣ። የአንድ ሠፈር ዕድል በነዋሪው የኪስ አቅም የሚወሰን ከሆነ ዕቅዱ የመሐንዲስ ሥራ ነው ቢባልም ፍርዱ የተጓደለ ነው። ድኻው ሊሟገት ስለማይችል፣ ገና ከመነሻው ስለ እርሱ ሊያስብለት የሚገባው ዕቅዱን የሚያወጣው ሹም ነው።

ይህን የምንጽፈው ዛሬ በትምህርት ላይ ላሉትና ከትምህርት ቤት ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለያዙት ወጣቶች ነው። ነገ ካርታ ፊት ቆሞ እርሳስ የሚይዘው ከእናንተ አንዱ ነው። በካርታ ላይ መስመር ማስመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ሰው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ማደስ፣ ልጁን በዚያው ሠፈር ለማሳደግ ማቀድ፣ ንብረቱን በተገቢው ዋጋ መሸጥ ያቅተዋል። መንገዱ ባይሠራም ጉዳቱ ተጀምሯል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሕዝቡ መጠየቅ ያለበት መስመሩ ከመሰመሩ በፊት ነው። ተነሽው ካሳውንና ምትክ ቤቱን ሳይረከብ ጣራው ሊነካ አይገባም። ጎረቤት ሠፈር የሚሸከመው ሸክምም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ከሁሉ በላይ ለእያንዳንዱ መስመር የጊዜ ወሰን ይበጅለት፤ በተቆረጠው ጊዜ ውስጥ ወይ ይሠራ፣ ወይ ከካርታው ይፋቅና ለነዋሪው ይነገረው። እምቢ ማለት ውሳኔ ነው፤ እሺ ማለትም ውሳኔ ነው። ሰውን ሥልሳ ዓመት በተስፋና በሥጋት መካከል አንጠልጥሎ ማቆየት ግን አስተዳደር ሊባል አይችልም።