ስዊች ቱ በእቁብ ይገዛል?



ባለፈው ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት አንድ ተማሪዬ ጠጋ አለና፣ «ቲቸር፣ ስዊች ቱ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያው ስዊች ቱ ነዋ» አልኩት። ሳቀ። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እሺ፣ ‹እናቴ እንቢ አለችኝ› እንዴት ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት። እኔም ስቄ ነበር፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም እኔ «እንቢ» ያላልኩ እናት ነኝ፤ ዋጋውንም አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። ወላጆች፣ «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ከልጆቹ ይልቅ እኛን ይመለከተናል።

ከሦስት ዓመት በፊት ትልቁ ልጄ የጌም ማጫወቻ አማረው። ከጓደኞቹ ሁሉ የሌለው እሱ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ የሌሊት ሥራ ነበረኝ። እሱ ሲነቃ እኔ እተኛለሁ፤ እሱ ሲተኛ እኔ እወጣለሁ። ልሰጠው ያልቻልኩትን ጊዜ በዕቃ ልክሰው ብዬ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሱቅ ወስጄው ክሬዲት ካርዴን አወጣሁ። ወደ 500 ዶላር ነበር። ልጁ በደስታ ዘለለ፤ እኔም ደስ አለኝ። በወሩ ቢሉ መጣ። «በትንሹ 25 ዶላር ይክፈሉ» ይላል። «25 ዶላር ምን አላት!» ብዬ እሷን ብቻ መክፈል ጀመርኩ።

እስቲ ልጆች፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ዕዳው 500 ዶላር፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው እንበል። በወር 2 በመቶ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 10 ዶላር ሆነ። ስለዚህ ከከፈልነው 25 ዶላር ውስጥ ዕዳውን የቀነሰው 15ቱ ብቻ ነው! በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው በ26ኛው ወር ሲሆን በጠቅላላው 645 ዶላር ገደማ እንከፍላለን። 145 ዶላሩ ለምንም ያልሆነ ገንዘብ ነው፤ በእሱ አንድ ጌም ተገዝቶ ለሌላው ግማሽ ይተርፍ ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ያንን ፖስታ ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ አነበበው። ከዚያ መጥቶ፣ «እማዬ፣ ገንዘቡ ካልነበረን ለምን ገዛሽልኝ? ብትነግሪኝ እኮ እጠብቅ ነበር» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከወለዱ ይልቅ ይህ አነጋገሩ ነው የቆጨኝ። ይጠብቅ እንደነበር ጠይቄው አላውቅማ!

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ልጆቻችን ጌም መፈለጋቸው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የቤታችንን ሂሳብ ከእነሱ መደበቃችን ነው። በእኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ወላጅ አለ። አንዱ፣ «እኛ በልጅነታችን የካልሲ ኳስ ነበር የምንጫወተው» ብሎ ይቆጣና ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው እንደ እኔ ዝም ብሎ ካርድ ያወጣል። አንዱ ልጁን አስኮረፈ፣ ሌላው አስደሰተ፤ ነገር ግን ሁለታችንም ልጁን ስለ ገንዘብ ምንም አላስተማርነውም። አስተምረነዋል ከተባለም፣ ገንዘብ በልቅሶ ወይም በካርድ የሚመጣ ነገር መሆኑን ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የትንሿ ልጄ ነው። 10 ዓመቷ ነው፤ ስዊች ቱን ፈለገች። በዚህ ጊዜ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ኔንቲዶ ስዊች ቱን ገበያ ላይ ያዋለው ጁን 5 ቀን 2025 ሲሆን የመነሻ ዋጋው እዚህ አሜሪካ 449.99 ዶላር ነበር። አብሮት የወጣው ማሪዮ ካርት ወርልድ የተባለው ጌም ደግሞ ለብቻው 79.99 ነበር። ሲደመር 529.98። ልጄ «አለቀ!» አለች። «ታክሱስ?» አልኳት።

እዚህ ላይ የሰፈራችን ነገር ያስቃል። የምንኖረው ኦሪጅናል ኦሮራ ነው፤ ከተማዋ በ1891 ፍሌቸር በሚል ስም የተቆረቆረችበትና በ1907 ኦሮራ የተባለችበት አሮጌው ሰፈር። ታዲያ እኛ በየቀኑ የምንሻገረው ኮልፋክስ ጎዳና የሁለት ካውንቲ ድንበር ነው። በስተሰሜን ያለው አዳምስ፣ በስተደቡብ ያለው አራፓሆ። ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ዮሰሚቲ መንገድን ስትሻገሩ ደግሞ ዴንቨር ናችሁ። በ2025 የሽያጭ ታክሱ በኦሮራ አራፓሆ በኩል 8 በመቶ፣ በአዳምስ በኩል 8.5 በመቶ፣ በዴንቨር 9.15 በመቶ ነበር። ያው አንድ ዕቃ ከኮልፋክስ በስተደቡብ 572.38፣ በስተሰሜን 575.03፣ ዴንቨር 578.47 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። ልጄ ይህን ራሷ አባዝታ ስታገኘው ዓይኗ ፈጠጠ። «መንገድ ስለተሻገርኩ ብቻ?» አለች። አዎ፣ መንገድ ስለተሻገርሽ ብቻ።

ዋጋው ታወቀ። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የዚህን መልስ ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገንም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይዘውት የመጡት እቁብ አለ።

ልጆች፣ እቁብ ማለት እንዲህ ነው። የሚተማመኑ ሰዎች ይሰባሰቡና በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ። ይህ «እቁብ መጣል» ይባላል። የተሰበሰበው ገንዘብ በዕጣ ለአንድ ሰው ይሰጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ለሌላ ሰው፣ እንዲህ እያለ ለሁሉም ይዳረሳል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘቡን የሚወስድ ሰው ዋስ እንዲጠራ የሚጠየቅበትም አለ። ወለድ የለውም፤ የጣላችሁትን ያህል ነው የምታገኙት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። እዚሁ ዴንቨርና ኦሮራ የቤት ቅድሚያ ክፍያውን፣ የመኪናውን መግዣ በእቁብ ያገኘ ስንት ሰው አለ! ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እቁብ ባይሆንም በዚሁ በማዋጣት መንፈስ የተቋቋመውን ግሪን ታክሲንም ማንሳት ይቻላል። በ2016 እዚህ ከተማ ሥራ ሲጀምር ብዙዎቹ ከአፍሪካ የመጡ 800 ያህል ሹፌሮች እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር አዋጥተው የድርጅቱ ባለቤቶች ራሳቸው ሆነዋል።

እኛም ቤት ውስጥ አራት ነን፤ አባት፣ እናት፣ ወንድምና እህት። እያንዳንዳችን በሳምንት 12 ዶላር እንጥላለን ተባባልን። በሳምንት 48፣ በ12 ሳምንት 576 ዶላር ይሆናል። በየ12 ሳምንቱ ለአንድ ሰው ዕጣ ይወጣል፤ በ48 ሳምንት ሁላችንም እንዳረሳለን። ያ 576 ዶላር በኦሮራ በሁለቱም በኩል ይበቃል፤ ዴንቨር ግን 2 ዶላር ከ47 ሳንቲም ይጎድላል። «እንግዲያው ዴንቨር አልሄድም» አለች ልጄ።

የልጅ 12 ዶላር ከየት ይመጣል? ትሉኝ ይሆናል። ከአዲስ ገንዘብ አይደለም። ለመክሰስ፣ በጌም ውስጥ ለሚገዛ ነገር፣ ለዚህም ለዚያም እያልን በየቀኑ የምናወጣላትን ስንደምረው በሳምንት ከ15 ዶላር አያንስም ነበር። አሁን 15ቱን ሰኞ ሰኞ በእጇ እንሰጣታለን። 12ቱ ለእቁብ፣ 2ቱ ለወጪ፣ 1ዱ ለስጦታ። ማክሰኞ ላይ 2ቱን ከጨረሰች እስከ ሰኞ የለም። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፤ አልዋሽም። የእቁቡም ጸሐፊ እሷ ናት። ስማችንንና የጣልነውን በደብተር በአማርኛ ትጽፋለች። «ዕጣ» የሚለውን ቃል ያለ ስህተት መጻፍ የቻለችው በዚህ ነው!

አንዳንድ ወላጆች፣ «ለምን ትደክማላችሁ? ትንሽ ከቆያችሁ ዋጋው ይረክሳል» ይሉናል። ድሮ እውነት ነበር። ነገር ግን በኦገስት 2025 ሶኒ የፕሌይስቴሽን 5ን ዋጋ እዚህ አሜሪካ በ50 ዶላር ጨመረ፤ በዚያው ወር ኔንቲዶም የቀድሞውን ስዊች ዋጋ ከፍ አደረገ። ስለዚህ የሚቆጥብ ልጅ ለጭማሪም ትንሽ መያዝ አለበት። ልጄ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብላ ያገኘችውን 40 ዶላር ለዚህ ብላ በፖስታ ለይታ አስቀምጣለች። እናንተም ልትገዙ ስትነሱ የዕለቱን ዋጋ ጠይቁ እንጂ የእኔን ወረቀት አትመኑ።

«ባንክ እያለ እቁብ ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። ባንክም ጥሩ ነው፤ ወለድ ይሰጣል፣ ገንዘቡም ዋስትና አለው። እንዲያውም ዴንቨር ቼሪ ክሪክ ውስጥ ያንግ አሜሪካንስ ባንክ የሚባል ለልጆችና ለወጣቶች ተብሎ የተቋቋመ ባንክ አለ። ቢል ዳንየልስ የተባሉ የኬብል ቴሌቪዥን ባለሀብት በ1987 ነው የመሠረቱት፤ ደንበኞቹ ዕድሜያቸው እስከ 21 የሆኑ ናቸው። ይሁን እንጂ ባንክ ለብቻችሁ ነው የምትቆጥቡት። እቁብ ላይ ግን አንድ ሳምንት ብትቀሩ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ ወንድማችሁ፣ አባታችሁ። ቃል መጠበቅን ለማስተማር የሚበልጠው ይህ ነው። ከተቻለ ሁለቱንም ያዙ።

«ልጅን በገንዘብ ጉዳይ ማስጨነቅ ነውር ነው» የሚለው ነገር ግን ቆም አድርጎ አሳስቦኛል። እውነት ነው፣ የሥራ ማጣት ፍርሃታችንን ሁሉ ልጅ ላይ መጫን የለብንም። ሆኖም ፍርሃት ሌላ፣ ሂሳብ ሌላ ነው። የራሳችንን ቤት ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለወንድሟ ወጣ። በደስታ ብስክሌት ገዛበት። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ 12 ዶላር መጣል መረረው፤ ብስክሌቱ እጁ ገብቷላ! ቀድሞ የወሰደ ሰው ባለዕዳ ነው፤ መጨረሻ የሚወስድ ሰው ቆጣቢ ነው። ልጄ ይህን ከደብተሯ ላይ አይታ ነገረችው። ሁለተኛው ዕጣ ለአባታቸው ሆነ። በ36ኛው ሳምንት የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ዕጣው ለእኔ ወጣ።

አለቀሰች። «ተራሽን ስጪኝ» አለች። እቁብ ላይ በስምምነት ተራ መለዋወጥ ያለ ነገር ነው፤ እጄም ልትዘረጋ ነበር። ነገር ግን ያ ገንዘብ ጎንደር ላለችው እናቴ፣ ለልጆቹ አያት፣ ለዓይን ሕክምና የታሰበ ነበር። የድሮው እኔ ብሆን ዝም ብዬ እሰጣትና ለእናቴ በካርድ እበደር ነበር። በዚህ ጊዜ የወሩን ወጪ የጻፍንበትን ወረቀት አወጣሁና ፊቷ ዘረጋሁት። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ከታች በኩል «ለእማማ ዓይን» ይላል። ረጅም ጊዜ አየችው። ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «ስንት ሳምንት ቀረኝ?» አለች። «12» አልኳት። ጻፈችው።

ይህን ስጽፍ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። ጌሙ በእጇ ሲገባ ምን ያህል እንደምትደሰት አላውቅም። ማንም ግን የደበቃት ነገር የለም።

ልጆች፣ የምትፈልጉትን ነገር ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ስትጠይቁ ግን ዋጋውን ከነታክሱ ጽፋችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። ወላጆች፣ «እንቢ» ማለት መብታችን ነው፤ «እንቢ» ስንል ግን ወረቀቱን እናሳያቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የሳምንቱ የቤት ሥራ

1. መግዛት የምትፈልጉትን አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ዋጋውን ከነታክሱ አስሉ። በሳምንት ስንት ብትቆጥቡ በስንት ሳምንት ይደርሳል?
2. እናታችሁን ወይም አባታችሁን፣ «እቁብ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሲወጣላችሁ ምን አደረጋችሁበት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
3. «እናቴ ሂሳቡን አሳየችኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፉ። ያ ተማሪዬ ግን አራት ጊዜ!

እስከ ቅዳሜ ቸር ይግጠመን።